ደርሶ መልስ ምስጢር

የአስተባባሪዎች ማስተባበሪያ ባለሥልጣን ሁለት ሕንፃ ነበረው። በአንደኛው ዋና ዳይሬክተሩ ይቀመጣሉ፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው ደግሞ ምክትላቸው። መንገዱ ሰፊ አይደለም። አንድ ሰው ብርጭቆ ሻይ ይዞ ቢሻገር ሻዩ ሳይበርድ ይደርሳል። ሁለቱ ሹማምንት ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንዳቸው ወደ ሌላው ተሻግረው አያውቁም። ዋናው «የበታች ነው ወደ በላይ የሚመጣው» ይላሉ። ምክትሉ «ሳልጠራ ብሄድ ወንበሬን ሊያይ መጣ ይሉኛል» ይላሉ። የሚመላለሰው ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲሄድ ሦስት ቀን፣ ሲመለስ አምስት ቀን ይፈጅበታል። መመለሻው ለምን በሁለት ቀን እንደሚረዝም የሚያውቅ የለም።

ታዲያ አንድ ጊዜ ዋና ዳይሬክተሩ ከውጭ አገር ስብሰባ ሲመለሱ «ኳንተም» የሚል ቃል ይዘው መጡ። በመጀመሪያው ሰኞ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው «ከእንግዲህ እኔና ምክትሌ የምንነጋገረውን ምድራዊ ፍጡር አይሰማውም!» አሉ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ምንድን ነው የምትነጋገሩት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የኳንተም መልእክት ማመላለሻ ማሽኖቹ በመርከብ መጡ፤ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው ፍሪጅ የሚያህሉ። እንድታስተዳድራቸው የተመደበችው የመሥሪያ ቤቱ የፋይበር ባለሙያ ነበረች። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እጇ ቀጭን፣ ምላሷ ቀጥተኛ ነው። ቅጽል ስሟ እሜቴ ሽቦ ነበር። «ሽቦ አይደለም የምቀጥለው፤ መስታወት ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ መስታወት» እያለች ሁለት ዓመት ሰዉን ለማረም ታገለች። ሲደክማት «እሜቴ ሽቦ» ሲሏት «አቤት» ማለት ጀመረች።

እዚህ መሥሪያ ቤት ያስገባቻት አክስቷ ናት። እናቷ ገና በእንጭጭነቷ ስለሞተችባት ያሳደገቻትም፣ ያስተማረቻትም፣ አሁንም በሁለት ክፍል ቤት አብራት የምትኖረው እሷው ናት። እቴቴ ነው የምትላት። እቴቴ ከዋናው ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት ባለው መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቷታል።

በምርቃቱ ቀን ዋና ዳይሬክተሩ ቀዩን ሪባን ከመቁረጣቸው በፊት እሜቴ ሽቦን «እስቲ ለሕዝቡ አብራሪው» አሏት።

«እንዲህ ነው ክቡርነትዎ» አለች። «ከማዶ የብርሃን ቅንጣቶች አንድ በአንድ ይላካሉ። እዚህ ሲደርሱ ማሽናችን የእርስዎን ቃል ያሸክማቸውና በመጡበት መንገድ ይመልሳቸዋል። ደርሶ መልስ ነው። የእሳቸውም መልስ እንደዚሁ ይመጣል።»

«እና ሰው መሀል መንገድ ላይ ጠልፎ ቢያይስ?»

«ቅንጣቷ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ናት። የነካት ሁሉ ዱቄቷን ያረግፍባታል። ማሽኑ ከመቶ ስንቷ እንደተበላሸች ይቆጥራል። እስከ አሥር ድረስ ይሁን ብሎ ያልፋል። ከዚያ ከበለጠ ግን ጆሮ አለ ብሎ ይዘጋል፤ አንዲት ቃል አያሳልፍም።»

«ብልህ ማሽን ነው!»

«ብልህ እንኳ አይደለም፤ ተጠራጣሪ ነው። የሌባ እጅና የነፋስ እጅ አይለይም። መስመሩ ቢነቀነቅም ያው ዱቄቱ ይረግፋል። ያውም ደርሶ መልስ ስለሆነ ሁለቴ…»

የመጨረሻውን ማንም አልሰማትም፤ ጭብጨባው ቀድሟት ነበር። ዋና ዳይሬክተሩ ሪባኑን ቆረጡ፤ ቁልፉን ተጫኑ። የማሽኑ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ወጣ፦ ከመቶ አሥራ አራት። ከሥሩ «መስመሩ ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ።

ሊያጨበጭብ የተነሣው እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ዋናው።

«ብልሽቱ በዝቷል ማለት ነው። አንድ ሳምንት ቢሰጡኝ ምክንያቱን…»

«ሰላይ አለ ማለት ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። የጥበቃ ኃላፊው ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ሻለቃ ይላቸዋል። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ሲሳደብ እንደሚናገረው ከሆነ ግን ጦር ውስጥ የነበሩት የካልሲ መጋዘን ኃላፊ ሆነው ነው።

እሜቴ ሽቦ የዋና ዳይሬክተሩን ፊት አየች። ይደነግጣሉ ብላ ነበር። ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ በራ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታ አታውቅም። ለካ የሚሰለል ሰው ኖረዋል!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻለቃው እግራቸው መሬት አልነካ አለ። ከሕንፃው አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ሰዓት የሚጠግን አንድ ሰው ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ከዚያች ቦታ አልተነቃነቀም። ሻለቃው ሁለት ቀን በመስኮት ካጠኑት በኋላ ሪፖርት ጻፉ። «ግለሰቡ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይኑ ላይ መነጽር ሰክቶ ይውላል። በጥቃቅን መሣሪያዎች ይሠራል። ስለ ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ‹ጊዜ ነው የማስተካክለው› የሚል ድርብ ትርጉም ያለው መልስ ሰጥቷል።» በማግስቱ ሰውዬው ጃንጥላውን አጥፎ፣ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። እሜቴ ሽቦ ከሦስተኛ ፎቅ አየችው። ዞር ብሎ ሕንፃውን ሲመለከት ዓይን ለዓይን የተጋጩ መሰላት። ያችን አሥራ አራት ቁጥር ያወጣችው እሷ ናትና ከመስኮቱ ፈቀቅ አለች።

ብልሽቱ ግን አልቀነሰም። ጭራሽ አሥራ ሰባት ገባ።

«አየሽ?» አሏት ሻለቃው። «ብቻውን አልነበረም። ጓደኞቹ ተቆጥተው ነው።»

«ሻለቃ፣ ሰላይ ሲቆጣ ብልሽት አይጨምርም። እስቲ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ልፈትሸው።»

«አንቺ ሽቦሽን ያዢ፤ ሰዉን ለኔ ተዪ።»

የንፁሕ መስመር አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። ንዑስ ኮሚቴው በየክፍሉ ማን ከማን ጋር ምሳ እንደሚበላ የሚገልጽ ቅጽ አስሞላ፤ አንድ ቅጽ በአራት ቅጂ። ምክትሉ ከማዶ በደብዳቤ «ሰላዩ በእርስዎ በኩል ሳይሆን አይቀርም» ብለው ጻፉ፤ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ዋናው «በአንተ በኩል ነው» ብለው መለሱ፤ በአምስተኛው ቀን ደረሰ። ብልሽቱ ሃያ አንድ ገባ። ሰዉ በሊፍት ውስጥ እንኳ መነጋገር አቆመ። ሁለት የሒሳብ ክፍል ሴቶች ስለ ልጅ ሳል ሲያወሩ ድንገት ዝም ብለው ግድግዳውን ሲያዩ ተገኙ።

እሜቴ ሽቦ በበኩሏ ቁጥሩን በደብተር መያዝ ጀመረች። ማዶ ያለውን ማሽን የሚጠብቅ አንድ ባልደረባ አላት፤ ተኝቶ ነው የሚያወራው የሚያሰኝ ዝግ ያለ ሰው። ስልክ እየደወለች ታስነብበዋለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩ አንድ ነገር ነገራት። ሰላዩ ምሳ ይበላል። ከምሳ ሰዓት በፊትና በኋላ ሃያ፣ ሃያ አንድ፤ በምሳ ሰዓት ሦስት። እሑድም አይሠራም። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ጭራሽ ቀርቷል።

«ማክሰኞ ምን ነበር?» አለችው የማዶውን።

«ምንም። እኔ ጥሩ ተኛሁ።»

እሷ ግን ማክሰኞ ምን እንደነበር ታውቃለች። እቴቴን ጥርስ ለማስነቀል ሐኪም ቤት ወስዳት ነበር።

ስልኩን እንደያዘች ወደ ምድር ቤት ወረደች። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ እቴቴ ከወረቀት ክምር ኋላ ቆማለች። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ሁሉ፣ የምሳ ቅጹ ሳይቀር፣ ጥብቅ ምስጢር ሆኗል። እቴቴ የእንጨት እጀታ ያለውን የብረት ማኅተም እስከ ጆሮ ግንዷ ድረስ ታነሣና ጠረጴዛው ላይ ታወርደዋለች። ድብ! ጠረጴዛው የጥንት ነው፤ አራት ሰው አያነሣውም። ከአንደኛው እግሩ ሥር፣ ከወለሉ ስንጥቅ፣ መስመሩ ያለበት ቢጫ ቱቦ ብቅ ብሎ ይታያል። በወረቀት ላይ ያለው ንድፍ መስመሩ በኮሪደሩ ጣሪያ ያልፋል ይላል። ሥራ ተቋራጩ ግን አቋራጭ ወዶ ነበር።

«አንተ፣ አሁን ቁጥሩን አንብብልኝ» አለች በስልኩ።

«አራት… አራት…»

ድብ!

«ውይ፣ ሃያ ሦስት።»

ድብ! ድብ!

«ሃያ ስድስት! ምንድን ነው? መጡ እንዴ?»

«ዝም በል እስቲ» ብላ ዘጋችው። በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለች እቴቴ ማኅተሙን በአየር ላይ እንደያዘች።

በዚያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ጆሮዋ ሥር ሁሉንም ነገረቻት። እቴቴ ቦርሳዋን ወደ ግራዋ አዛወረች። ከዚያ ቀኝ ክንዷን ጭኗ ላይ አጋድማ እንደ ሰው ልጅ አየችው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የመታሁበት ክንድ ዛሬ ሰላይ ሆነ?»

«እቴቴ፣ ቀስ ብለሽ ብትመቺው…»

«ቀስ ብዬ! ቀስ ተብሎ የተመታ ማኅተም ጥ የሌለው ‹ብቅ ምስጢር› ሆኖ ይወጣል። ስንቴ ተመልሶብኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? መዝገብ ቤት ነው ያልኩ እንደሆነ ሻለቃው ሰላዩ መዝገብ ቤት ተገኘ ይላል። አንቺን ነው የሚይዘው። ስምንት ወር ነው የቀረሽ። ዝም ልበል፤ በጊዜው ትወጫለሽ፤ ከዚያ እነግራቸዋለሁ።»

እቴቴ ዞር ብላ አየቻት። ልጅ ሳለች የትምህርት ቤት ደብተር ጠፋብኝ ብላ ስትዋሽ ታያት የነበረው ዓይነት አስተያየት ነው።

«ያ ሰዓት ሠሪ የማን ልጅ ነው? የሱ ስምንት ወርስ? እኔ ብቀር አሮጊት ነኝ፤ ጥርሴንም ነቅያለሁ፤ ምኔን ይወስዱታል? ንገሪያቸው። ደግሞ ስትነግሪያቸው አንገትሽን ደፍተሽ እንዳይሆን።»

በማግስቱ እሜቴ ሽቦ ኮሚቴው ፊት ቆመች። ዋና ዳይሬክተሩ በራስ ወንበር፣ ሻለቃው በቀኛቸው።

«ሰላይ የለም» አለች። «ያለው ማኅተም ነው።»

ሻለቃው ሳቁ። «ማኅተም እንዴት አድርጎ ይሰልላል?»

«አይሰልልም፤ ይደበድባል። ኑና እዩት።»

ማሽኑ ክፍል ወሰደቻቸው። ሰሌዳው አራት ይላል። የውስጥ ስልኩን አነሣች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«እቴቴ፣ ምቺ።»

ድብ! ሃያ ሁለት።

«ተይ።»

ዝም። አራት።

«ሁለቴ ምቺ።»

ድብ! ድብ! ሃያ ስድስት። አንዱ የኮሚቴ አባል በደመ ነፍስ አጨበጨበ፤ ሻለቃው ሲያዩት እጁን ኪሱ ከተተ።

ዋና ዳይሬክተሩ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አፍጥጠው አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ በቀስ ሲከስም ታያት። ሰው የሞተባቸው ይመስል አንጀቷን በሏት።

«እና… የሚያዳምጠኝ ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም ክቡርነትዎ።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ሻለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ አሁን ምን ይደረግ?»

«ቀላል ነው። ጠረጴዛው ሁለት ሜትር ፈቀቅ ይበል።»

ጠረጴዛው ግን በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ ከነቦታው የተመዘገበ ነበር። ፈቀቅ እንዲል የንብረት ኮሚቴ መወሰን አለበት፤ እሱ ደግሞ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ዓመት ነው። እንግዲያው ከጠረጴዛው እግር ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ይደረግበት አለች። ሻለቃው ተቆጡ። «ከባሕር ማዶ ለመጣ ማሽን የብርድ ልብስ መፍትሔ? ታሪክ ምን ይለናል?» ከአንድ ሰዓት ክርክር በኋላ ውሳኔው ተሰጠ፤ ማኅተሙ በቁጥጥር ሥር ይዋል።

«እንግዲያው ሰዓት ሠሪውም ይመለስ» አለች እሜቴ ሽቦ።

«እሱ አይሆንም» አሉ ሻለቃው። «እንዲነሣ የተወሰነበት ውሳኔ ጥብቅ ምስጢር ነው። ጥብቅ ምስጢር የሆነ ውሳኔ አለ ተብሎ አይታመንም። የሌለ ውሳኔ ደግሞ እንዴት ይሻራል?» ይህን ሲናገሩ እንደ ሕግ አዋቂ ጣታቸውን ቀስረው ነበር።

ሻለቃው በሁለት ጠባቂ ታጅበው ምድር ቤት ወረዱ፤ እሜቴ ሽቦም ተከትላ ወረደች። ማኅተሙን ተረክበው ትልቅ ፖስታ ውስጥ ከተቱት፤ አሸጉት። ከዚያ ቆሙ። ፖስታው ላይ ጥብቅ ምስጢር የሚል ማኅተም መመታት አለበት። ማኅተሙ ደግሞ ውስጥ ነው። ሻለቃው ፖስታውን አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ገለባበጡት። ላባቸው መጣ።

«የኔ ጌታ» አለቻቸው እቴቴ በርኅራኄ፣ «ይቅደዱትና ያምጡት። አዲሱን ፖስታ አስቀድሜ ልምታልዎት፤ ከዚያ ይከቱታል።»

ሻለቃው ሰጧት። እቴቴ እጅጌዋን ሰበሰበች። ለመጨረሻ ጊዜ ነውና ከጆሮዋም አልፋ ከራሷ በላይ አነሣችው። ማዶ ያለው ባልደረባ ኋላ እንደተናገረው፣ በዚያች ደቂቃ ማሽኑ ሠላሳ ዘጠኝ አሳይቶ ጥሩንባ ነፍቷል።

መስመሩ ጠራ። ከመቶ ሦስት። ሐሙስ ጠዋት ዋና ዳይሬክተሩ ማሽኑ ፊት ተቀመጡና ሰዉን ሁሉ ከክፍሉ አስወጡ። እሜቴ ሽቦ ኮሪደሩ ላይ ባለች ትንሽ ሰሌዳ የምታየው የቅንጣቶቹን ሂደት ብቻ ነበር፤ ቃሉን ማየት አትችልም። መጀመሪያ ትንሽ ሄደ፤ ትንሽ መጣ። ትንሽ ሄደ፤ ትንሽ መጣ። ከዚያ ለሩብ ሰዓት ያህል ጭጭ። የተበላሸ መስሏት ቁጥሩን አየች፤ ሦስት ነው፤ መስመሩ ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሄደ። ብዙ መጣ። ዋና ዳይሬክተሩ ሲወጡ ክራቫታቸውን ላላ አድርገው ነበር፤ ሰላም ሳይሏት አለፉ፤ እንደ ንቀት ግን አልመሰላትም።

ከሰዓት በኋላ እቴቴ በውስጥ ስልክ ጠራቻት። «ነይ ውረጂ። በሩንም ዝጊው።»

ጠረጴዛው ላይ አራት ወረቀት ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት የገባም የወጣም መልእክት በአራት ቅጂ ተባዝቶ መዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ኳንተሙም ከደንብ አላመለጠም። ማሽኑ ላይ ማተሚያ ተገጥሞለት ነበር። ወረቀቱን ያመጣችው የዋና ዳይሬክተሩ ጸሐፊ ናት፤ ፖስታው ሳይታሸግ፤ ምክንያቱም ማሸጊያው ማኅተም ታስሯል።

«አነበብሽው?»

«ምን ላድርግ? ሠላሳ አንድ ዓመት ስመታው የኖርኩትን ነገር፣ የምመታበትን ሲወስዱብኝ ማንበብ ጀመርኩ።»

እሜቴ ሽቦ ማየት አልፈለገችም፤ ዓይኗ ግን ቀደማት።

ደርሶሃል?
ደርሶኛል ክቡርነትዎ። የእኔስ ደርሶዎታል?
ደርሶኛል። እውነት ማንም አይሰማንም?
ባለሙያዋ ማንም አይሰማም ብላለች።
እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትስቅብኝ። መሥሪያ ቤታችን በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው?
ክቡርነትዎ፣ እኔ እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነበር።
እኔ ደግሞ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነበር።
እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው እኮ ስድስት ዓመት ሳልመጣ የኖርኩት።
እኔም።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። መሳቅም ማልቀስም አልመጣላቸውም። በሩ ሲንኳኳ እቴቴ ወረቀቱን ከመዝገብ ሥር ወሸቀችው።

ዋና ዳይሬክተሩ ነበሩ። ብቻቸውን። ምድር ቤቱን ለማግኘት ሁለት የተሳሳተ በር ከፍተዋል፤ እጅጌያቸው ላይ የቦይለር ክፍሉ ጥላሸት አለ።

«ዛሬ ጠዋት የወረደ ወረቀት ነበር» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «አራት ቅጂ። እፈልገዋለሁ።»

«ቅጽ ይሙሉ ጌታዬ» አለች እቴቴ።

ቆመው ሞሉ። ‹የተፈለገበት ምክንያት› የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕሩን አንሥተው ቆዩ። ከዚያ «የግል» ብለው ጻፉ። እቴቴ አራቱንም ቅጂ አንድ ሁለት ብላ ቆጥራ ሰጠቻቸው።

«አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ» አለች እቴቴ። «ግን አይፈሩ። ከእርስዎ በፊት የነበሩትም መጥተው ይህንኑ ጠይቀውኛል። ከእሳቸው በፊት የነበሩትም። ሦስተኛው እርስዎ ነዎት።»

ዋና ዳይሬክተሩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ታዲያ ሥራችን ምንድን ነው?»

«የማቋቋሚያ ሰነዱ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አለ። ጥብቅ ምስጢር ነው። ለማየት የዋና ዳይሬክተሩ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ዋና ዳይሬክተሩ እኮ እኔ ነኝ።»

«በጽሑፍ ጌታዬ።»

ለራሳቸው ፈቃድ ጻፉ፤ ፈረሙ። እሜቴ ሽቦ መሰላል ላይ ወጥታ ሰነዱን አወረደችው። ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ አይጥ በልቶታል። ሁለተኛው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀርታለች፤ «ከላይ የተዘረዘሩትን ተግባራት ከዛሬ ጀምሮ በትጋት ያከናውናል።»

ዋና ዳይሬክተሩ አንዴ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሜቴ ሽቦ ውሃ ልታመጣ ተነሣች። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው እስኪመጣ፣ በጥላሸታሙ እጅጌያቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «በትጋት! በትጋት!» እያሉ።

ሳቁ ሲበርድላቸው እቴቴ አንድ ሌላ ፋይል ከፊታቸው አኖረች። «አሁን ደስ ብሎዎታልና ይቺንም ይዩልኝ።» የሰዓት ሠሪው ፋይል ነበር። የሌለው ውሳኔ፣ በአራት ቅጂ። ዋና ዳይሬክተሩ አልተከራከሩም። «ተሽሯል፤ ግለሰቡ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ይቅርታም ይጠየቅ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው እሜቴ ሽቦን አዩዋት።

«አንቺ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ቀን ስለ ነፋስ እጅ የተናገርሽውን አልሰማሁሽም ነበር።»

«ጭብጨባ ነበር ክቡርነትዎ።»

«ሁልጊዜም ጭብጨባ አለ» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ዋና ዳይሬክተሩ መንገዱን በእግራቸው ተሻገሩ። የማዶው ዘበኛ አላወቃቸውም፤ መታወቂያ ጠይቆ ደብተር ላይ አስፈረማቸው። ምክትሉ ቢሮ ገብተው ምሳ ሰዓት ድረስ አልወጡም። ምን እንዳወሩ የሚያውቅ የለም፤ ቅጂም አልተቀመጠም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እሳቸው ይሄዳሉ፣ አንድ ቀን ምክትሉ ይመጣሉ። ሻለቃው ማኅተሙን በቁጥጥር ሥር በማዋላቸው የምስክር ወረቀት ተሰጣቸውና የሥልጠና ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ከመቶ ሦስት እያለ፣ ጥርት ባለ መስመር ላይ፣ ማንም የማይልክበትን ቅንጣት ሲያመላልስ ይውላል። አስጎብኚዎች እንግዳ ሲመጣ ያሳዩታል።

እሜቴ ሽቦ የተፈረመበትን ደብዳቤ ይዛ ሰዓት ሠሪውን ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ ለፋች። ያገኘችው ከገበያው መግቢያ፣ ሰው እንደ ጎርፍ ከሚያልፍበት ማዕዘን ላይ ነው። ጃንጥላው አዲስ ነው። ፊቱ ሰባት ሰው ተሰልፏል። ተራዋ እስኪደርስ ጠበቀች፤ ከዚያ ማን እንደሆነች ነገረችው፤ ቁጥሩን ያወጣችው እሷ መሆኗን፣ ጥፋቱ የማኅተም መሆኑን፣ ሁሉንም። ይቅርታም ጠየቀችው። ሰውዬው መነጽሩን ከዓይኑ ነቅሎ ደብዳቤውን አነበበ።

«አይ እሜቴ፣ አልመለስም» አለ። «ሰላይ ነው ብለው ካባረሩኝ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ‹ያ የውጭ አገር ሙያ የሚያውቀው ሰውዬ› እያለ ሰዓቱን ወደኔ ነው የሚያመጣው። አጥር ሥር በነበርኩ ጊዜ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነበር የማየው። ንፁሕ ነው የሚል ደብዳቤ ያየ እንደሆነ ደግሞ ማን ይመጣል? እባክሽ መልሰሽ ውሰጂልኝ።»

«እንዴ! ለማግኘት ስንት ተለፍቶበታል እኮ።»

«አውቃለሁ። ተባረኪ። ግን ደብቂልኝ።»

ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልትሄድ ስትል እጁን ዘረጋ፤ የእጅ ሰዓቷን አይቶት ኖሯል።

«ስድስት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቁጭ በይ፤ ሳንቲም አልቀበልሽም።»

ከኋላዋ ያሉት ተሰላፊዎች አጉረመረሙ። እሷ ግን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።